ነይ

ግንቦት ነው፤ ድሬ ትነዳለች። በመጣን በሁለተኛው ቀን ልጄ አንገቱና ጀርባው ላይ የሙቀት ሽፍታ ወጣበት። እናቴ ምንም አላለችም። ኒሙ ሥር ሳፋ አስቀመጠች፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀዳች፣ ልብሱን አውልቃ ዘፍ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ ሳፋ ውስጥ ነው። ሽፍታውም ጠፋ።

ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። የተወለደው ሀምቡርግ ነው። አባቱ ጀርመናዊ ነው፤ ሥራ ይዞት አብሮን አልመጣም። እኔ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ ነኝ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ልጄ እናቱ ወዳደገችበት ግቢ የገባው በጀርመን ፓስፖርትና በቱሪስት ቪዛ ነው። ማህተሙ ሲመታ ሆዴን ባር ባር አለው።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ አንዲት ትንሽ ቃል ነው። ስለ «ና»።

ሀምቡርግ ቤታችን ውስጥ አማርኛ የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ። ጀርመን ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2013 ወዲህ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የሕፃናት መዋያ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። ሠርታ ለምታድር እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ልጄ ቀኑን ሙሉ ጀርመንኛ ሲሰማ ይውላል። ማታም አባቱ በጀርመንኛ ያነብለታል። ለአማርኛ የምትተርፈው ከመዋያው ከወጣ በኋላ እስኪተኛ ያለችው ሦስት ሰዓት ናት። በዚያች ሦስት ሰዓት አፌ አያርፍም። ና። ብላ። ጫማህን አምጣ። ቀስ በል። አይዞህ። ሁሉም ይገባዋል። የሚመልስልኝ በጀርመንኛ ነው። በአማርኛ ከራሱ አውጥቶ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እማ፣ ና!»

መጀመሪያ ደስ አለኝ። በአማርኛ ጠራኝ ብዬ ለእናቴ ደወልኩላት። እያደር ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ከተወለደ ጀምሮ አንድም ሰው እኔን «ነይ» ሲለኝ ሰምቶ አያውቅም። እናቴ በስልክ ታወራኛለች፤ በስልክ ደግሞ ማን ማንን «ነይ» ይላል? አማርኛ ለእሱ ከእኔ አፍ ወጥቶ እሱ ጆሮ የሚገባ ነገር ብቻ ነው። እናቱን ራሷን እንዴት እንደሚጠራበት የማያውቀው ቋንቋ ነው የሰጠሁት። ላስተምረው ሞከርኩ። «ነይ በለኝ» ስለው ፈገግ ብሎ «ነይ በለኝ» ይላል።

ቲኬቱን የቆረጥኩት በዚያው ሳምንት ነው።

እናቴ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤት ተከራይ አለ። ልጆቹ ሲጫወቱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲዘሉ ለራሳቸውም አይታወቃቸውም። አንዷ «ኮቱ» ትለዋለች በኦሮምኛ። ሌላው «ካላይ» ይለዋል በሶማሊኛ። እናቴ «አባቴ፣ ና» ትለዋለች። እሱ «ኮም» ይላቸዋል። ለሁሉም ይሮጣል። አንዱም ግር አላለውም።

ግር ያለው በሦስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ጫማውን ይዞ «ኪታ! ኪታ!» እያለ በሩ ላይ ቆመ። ጀርመኖች የልጆች መዋያውን እንዲህ ነው የሚሉት። እናቴ ቂጣ ያማረው መስሏት ወደ ዱቄቷ ሮጠች። ትኩሱን በቅቤ ለውሳ በትንንሹ ቆርሳ አጎረሰችው። አሁን ጠዋት ጠዋት «ኪታ» ሲል ጫማውን አይዝም። ሰሃን ነው የሚይዘው።

ሀምቡርግ ውስጥ አንዴ መጫወቻ ሜዳ ላይ አንዲት እናት በቀን ስንት ሰዓት እንደምጠብቀው ጠየቀችኝ። ሞግዚቱ መስያት ነው። «ልጄ ነው» ስላት ፊቷ ቀላ፣ ይቅርታ ጠይቃ ወዲያው ሄደች። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እዚህ ደግሞ ቅዳሜ «ከፊራ» ገበያ ማንጎ ስንገዛ ሻጯ እሱንም እኔንም አየችና «ያንቺ ነው?» አለችኝ። ያው ጥያቄ ነው፤ ልቤ ቀጥ አለ። «የኔ ነው» አልኳት። «እንግዲያው ወዲህ በዪው!» ብላ ከእጄ ተቀበለችኝ። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቢላዋዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ማንጎ ላጠች፣ ቁራጩን እጁ ላይ አደረገችለት። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ። «ማሻአላህ፣ ከዓይን ይሰውረው» አለችና የሁለቱን ማንጎ ዋጋ አልቀበልም አለች።

ሰፈር ውስጥ ልጆች «ፈረንጅ» ብለው ይከተሉታል። ትልልቆቹ «ክልስ ነው እንጂ» ብለው ያርሟቸዋል። ቃሉን አልወደውም፤ አልደብቅም። ድሬ ላይ ሲባል ግን ክፋት አልሰማበትም። ይህችን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። በ1895 ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም መጣ፤ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። እኔ ራሴ ፀጉራቸው እንደ ልጄ ከሆነ ልጆች ጋር ነው ኳስ የተራገጥኩት። ያኔ ማናቸውንም የማን ነህ ብዬ አልጠየቅኩም።

ልጄ ከሁሉ የወደደው ደቻቱን ነው። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሲያይ የመዋያው አሸዋ መጫወቻ መስሎት ይንሰፈሰፋል። እናቴ ግን እግሩን አታስረግጠውም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እሷ እዚሁ ነበረች። ሰማይ ጥርት ብሎ እንኳ ተራራው ላይ ዘንቦ እንደሆነ ማን ያውቃል ትላለች። አልከራከራትም።

ትናንት አሥራ አንደኛ ቀናችን ነበር። በረንዳው ላይ ምስር እለቅማለሁ። እሱ ሳፋው ውስጥ ቁጭ ብሎ በላስቲክ ኩባያ ውሃ ይቀዳል፣ ይደፋል። እናቴ ከጓዳ ሆና እንደ ልማዷ ትጠራኛለች። ነይ ቡናው ሊፈላ ነው። ነይ ይህን ያዥልኝ። ነይ እንጂ። ተከራያችንም በአጥሩ ብቅ ብላ «ነይ፣ ቅመሺ» ብላኝ ነበር ጠዋት። እኔማ መስማቱን ትቼዋለሁ።

«እማ፣ ነይ!»

ቀና አልኩ። ኩባያውን ወደ እኔ ዘርግቶታል። ቅንድቡ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

እናቴ ምንም አልታወቃትም። «ሂጂ እንጂ፣ ልጁ እኮ እየጠራሽ ነው» አለችኝ።

ሰፌዱን አስቀምጬ ሄድኩ።