ጃንጥላ ያካፈሉኝ ሴትዮ

የዋሽንግተኑ ሆቴል እንቅልፍ ነሳኝ። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እንደ አሮጌ ላዳ ሲንተፋተፍ አደረ። ጠዋት ደግሞ ሂሳቡ ላይ "የአገልግሎት" ብለው 30 ዶላር ጨምረውበታል። ብከራከር ማን ሊሰማኝ!

በዚያው ብስጭት አረንጓዴውን ባቡር ይዤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ቀለም የተቀቡ ዛፎች አሉ፤ የየተማሪ ማኅበሩ ናቸው። የሮዝና አረንጓዴውን ፎቶ ላነሳ ስጠጋ ዝናቡ ወረደ። ሮዝ ካፖርት የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ዕንቁ ያደረጉ ሴትዮ "ነይ ግቢ" ብለው ጃንጥላቸው ስር አስጠለሉኝ። ሰባ ሳያልፋቸው አይቀርም።

"እዚህ ተማሪ እያሉ አባል ነበሩ?" አልኳቸው።

"አሁንም ነኝ።"

እኔ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ሲባል ጭፈራና መጠጥ ነበር የሚመስለኝ፤ ፊልም ነው ያበላሸኝ። የእሳቸው አልፋ ካፓ አልፋ በፈረንጆቹ 1908 እዚሁ ግቢ የተመሠረተ፣ የጥቁር ሴት ተማሪዎች የመጀመሪያው ማኅበር ነው። በ1913 ግን 22 አባላት "ፖለቲካው ውስጥ በደንብ እንግባ" ብለው ተለዩና ዴልታ ሲግማ ቴታን አቋቋሙ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ ማርች 3፣ ለሴቶች የምርጫ መብት ሰልፍ ወጡ። ጥቁሮቹ ከኋላ ይሁኑ እየተባለም ሄዱ።

"ታዲያ ዴልታዎቹ ጎበዞች አይደሉም?" ስላቸው ጃንጥላውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ረጠብኩ። ሳቁብኝ።

ከዚያ የካማላ ሃሪስን ነገር አመጡ። በ1986 እዚሁ ነው የገባችው። በ2020 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስትታጭ የማኅበር እህቶቿ 19 ዶላር ከ08 ሳንቲም ያዋጡላት ጀመር፤ ቁጥሩ የምሥረታውን ዓመት፣ 1908ን፣ እንዲያሳይ ነው። የእኛ የዶርም ፍቅር በተመረቅን በዓመቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "መልካም በዓል" ሆኖ ይቀራል፣ እነዚህ ግን አባል ስትሞት እንኳ የራሳቸው የስንብት ሥርዓት አላቸው። እድር ማለት ነው! እድርን አስረዳኋቸው።

"ቀብር የቀረ ይቀጣል?" አሉኝ።

"በደንብ!"

በጣም ወደዱት።

ስመለስ የታክሲው ሹፌር የእኛው ሰው ሆኖ ተገኘ። 18 ዶላር ነው ያስከፈለኝ፣ ሳይጨምር። ሴት ልጁ ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ ውስጥ ካልገባሁ ብላ አስቸግራዋለች።

"እህቴ፣ ጓደኛ ለማግኘት ይከፈላል እንዴ?"

"እድር ነው፣ ተዋት" አልኩት።

በመስታወቱ አየት አደረገኝ። "በሃያ ዓመቷ?"