እጃችሁን አውጡ ያልኩ ቀን

ሥራ በጀመርኩ በዓመቴ ነው። የጥሪ ማዕከል ውስጥ ዳታ አጠናቅሬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞች 60 ናቸው። አንድ ቀን አዲስ ሶፍትዌር መጣ፤ ደንበኛው ሲደውል የድሮ ጥያቄዎቹን ስክሪን ላይ የሚዘረግፍ። ከመገዛቱ በፊት ይሞከር ተባለ፤ ሙከራው እኔ ላይ ወደቀ።

ምን አደረግኩ? «መሞከር የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አልኩ። 20 ሰው አወጣ። ለ10 የሥራ ቀን ሠሩበት። የእነሱ ጥሪ በአማካይ 6 ደቂቃ፣ የሌሎቹ 8 ደቂቃ ሆነ። ሁለት ደቂቃ! ደስ ብሎኝ ባለቀለም ግራፍ ሠራሁ።

ስብሰባው ላይ ኃላፊያችን ሪፖርቱን እያገላበጡ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«አማካይ ፈረቃ 1.73 ይላል። እሱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚገባው?»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። ኤክሴሉ ላይ ጠዋትን 1፣ ከሰዓትን 2፣ ሌሊትን 3 ብዬ ነበር የሞላሁት። ሁሉንም ዓምድ መርጬ አማካይ አውጣልኝ ስለው ያለ ምንም ማንገራገር አወጣ። እዚያ ዓምድ ላይ ያለው 3 ስም እንጂ መጠን አይደለም። ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ያው ነበር። የጥሪው ርዝመት ግን መጠን ነው፤ 6 ደቂቃ የ3 ደቂቃ እጥፍ ነው። ኤክሴል ይህን አይለይም፤ መለየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

እሱስ ሳቅ ነው፤ ያልፋል። ቀጥለው የጠየቁት ግን አላሳቀኝም።

«እነዚህን 20 ሰዎች ማን መረጣቸው?»

«ራሳቸው።»

«ከሙከራው በፊትስ ስንት ደቂቃ ያወሩ ነበር?»

አላየሁም። «ግን እኮ 9 ሺህ ጥሪ ነው!» ብዬ ተከራከርኩ። ያኔ ነው በፈረንጆች 1936 የተደረገውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የነገሩኝ። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ማንን ትመርጣላችሁ የሚል 10 ሚሊዮን መጠይቅ በተነ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ ችጋር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ደግሞ የአገሩ ሁሉ ወኪል አይደለም። መልሶ የላከውም ካልላከው ይለያል። ናሙናው የተዛባ ከሆነ ብዛቱ አያድነውም፤ ስህተቱን በልበ ሙሉነት ያስነግራል እንጂ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ያለፈውን ወር ዳታ ከፈትኩ። እጃቸውን ያወጡት ሰዎች ድሮም አማካያቸው 6 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነበር። ቀልጣፎቹ ናቸው እጅ የሚያወጡት! ከ«ሁለት ደቂቃዬ» ውስጥ የሶፍትዌሩ ድርሻ 10 ሴኮንድ ብቻ ይመስላል።

እንደገና ጀመርን። አሁን በዕጣ። በየፈረቃው ለየብቻ፦ ከጠዋቱ 26 ሰው 13፣ ከከሰዓቱ 24 ሰው 12፣ ከሌሊቱ 10 ሰው 5። ሶፍትዌር ከነጭራሹ አልወድም የሚል አንድ ሠራተኛ ዕጣው ወጣለት፤ ከቀልጣፎቹ አንዷ ደግሞ ቀረች፤ አኮረፈችኝ። ምን ላድርግ? ዕጣ ዓይን የለውም፤ የተፈለገውም ለዚያ ነው።

ያም ሆኖ አልጠራም። በሦስተኛው ቀን ዕጣ ያልወጣለት አንዱ አንገቱን አስግጎ የጎረቤቱን ስክሪን ሲያነብ ያዝኩት። «ደንበኛው ቸኩሎ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን ተበከለ። የሁለቱን ቡድን ወንበር ለያየሁና ቀኑን ከአንድ ብዬ ቆጠርኩ።

መጨረሻ ላይ ልዩነቱ 20 ሴኮንድ ገደማ ሆነ። ሌሊት ፈረቃ ላይ አንድ ደቂቃ ደርሶ ስለነበር ሪፖርቱ ላይ አድምቄ ጻፍኩት። ኃላፊያችን እስክሪብቶ አነሱና መስመሩን ሰረዙት።

«በየጎኑ 5 ሰው ነው» አሉኝ፤ «አንዱ ጉንፋን ቢይዘው ይገለበጣል።»

ያን ጊዜ አልተከራከርኩም።