ከዳታው ውስጥ የወጡት መንታዎች

በዋርሶ የፖላንድ ሳይንስ አካዳሚና በአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተነሡት የፖለቲካ ተሳትፎን በየአገሩ ለማነጻጸር ነበር፦ ሰላማዊ ሰልፍ የሚወጣው ማን ነው? የአቤቱታ ፊርማ የሚያኖረውስ? ለዚህም ከ1966 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ፣ የ22 ዓለም አቀፍ ፕሮጀክቶችን ዳታ አንድ ላይ አመጡ። 1,721 አገራዊ ጥናቶች፣ 2.3 ሚሊዮን ገደማ ተጠያቂዎች ናቸው። ሲፈተሽ 5,893 ረድፎች (አንድ ረድፍ የአንድ ተጠያቂ መልስ ሁሉ ነው) ከሌላ ረድፍ ጋር ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ።

ከ2.3 ሚሊዮን ውስጥ ይህች ምን አላት የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እነዚህ መንታ ረድፎች የተከማቹት በ162 ጥናቶች ውስጥ ነው፤ የቀሩት ንጹሕ ናቸው። በአገራት ንጽጽር ደግሞ እያንዳንዱ አገር ግራፉ ላይ አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ የአንዱ ጥናት ብልሽት በሌሎቹ ንጽሕና አይካካስም።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው። 1,000 ረድፍ ባለው ፋይል ውስጥ ሰልፍ ወጥቻለሁ ያሉት 60 ናቸው፣ ማለትም 6 በመቶ። ከእነዚህ 20ዎቹ ቅጂ ቢሆኑ፣ እውነተኛው ቁጥር ከ980 ሰው 40፣ ማለትም 4.1 በመቶ ነው። አገሩ ያለ ሥራው ከጎረቤቶቹ በላይ ተቀመጠ ማለት ነው። እነዚያው 20 ቅጂዎች «አልወጣሁም» የሚሉ ቢሆኑ ግን 4.1ዱ ወደ 4 ይወርዳል፤ ማንም ልብ አይለውም። ጥቂት ሰው ብቻ የሚያደርገው ነገር ሲለካ የሚያስፈራው የ«አዎ» ቅጂ ነው። ደግሞም ቅጂ ናሙናውን በሐሰት ስለሚያበዛው፣ የስሕተት ኅዳጉ (ውጤቱ ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ከሚገባው በታች ጠቦ ይታያል።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። የተጠያቂውን መለያ ቁጥር፣ የጠያቂውን ኮድ፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ክብደቱንም (ናሙናው ሕዝቡን እንዲመስል ለእያንዳንዱ ተጠያቂ የሚሰጠውን ማባዣ ቁጥር) ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ የቀረውን መልስ ሁሉ ረድፍ ከረድፍ ማስተያየት ነው። ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አንድ ትእዛዝ ይበቃል። መለያ ቁጥሩ ሳይወጣ የሚፈትሽ ሰው ምንም አያገኝም፤ እሱ ቅጂውንም ልዩ ያስመስለዋልና። መቶ ጥያቄ ባለበት መጠይቅ አንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች እንኳ ቢያንስ በዕድሜ ወይም በትምህርት ይለያያሉ።

መንታ ከተገኘ ወዲያው መሰረዝ አይደለም፤ መጀመሪያ ቦታውን ማየት ነው። መለያ ቁጥሮቹ ተከታታይ ከሆኑ የወረቀት መጠይቅ ሁለት ጊዜ ገብቶ ወይም ፋይል ሲቀጣጠል ተደርቦ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የአንድ ጠያቂ ከሆኑና ቀበሌው ከተለያየ ግን፣ ኮታው የጎደለበት ሰው የሞላው ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ያኔ የዚያን ሰው ሥራ ሁሉ መመርመር ያስፈልጋል። የመግቢያ ስሕተት ከሆነ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማውጣት፣ ከዚያም የክብደቶቹን አማካይ እንደገና ወደ 1 መመለስ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል።

«በከፊል የሚመሳሰል» ረድፍ ላይ ግን መቸኮል አያስፈልግም። ኩሪያኮስና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች 85 በመቶና ከዚያ በላይ የሚመሳሰሉ ረድፎች እንዲጠረጠሩ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል በ2016 እ.ኤ.አ. ተከራክሯቸዋል፤ ጥያቄው ጥቂት፣ ተጠያቂው ብዙ፣ የሕዝቡም አስተያየት ተቀራራቢ ከሆነ ሐቀኛ መልስም ያን ያህል ሊመሳሰል ይችላል። ፒው እዚህ ላይ ትክክል ይመስለናል። 85 ደወል እንጂ ፍርድ ሊሆን አይገባም።

ይህ ሁሉ ፍተሻ የማይነካው ጉድለትም አለ። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ2013 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሰበሰበው መልስ አገሪቱን እጅግ ዴሞክራሲያዊት አድርጎ ስላሳየ፣ የራሱ ተመራማሪዎች ምክንያቱ ፍርሃት ይሁን የግንዛቤ ማነስ ወይስ ሌላ አረዳድ ብለው ጠይቀዋል። ረድፎቹ አንድም ቅጂ ባይኖራቸው እንኳ ጥያቄው ያው ነው። ለዚህ የሚረዳው በመጠይቁ መጨረሻ የሚቀርበው «ማን የላከን ይመስልዎታል?» የሚለው ጥያቄ ነው። «መንግሥት» ያሉትን ለብቻ፣ ሌሎቹን ለብቻ አድርጎ የሰልፍ ጥያቄውን መልስ ማስተያየት ነው። ሁለቱ ከተራራቁ ያ አገር ከሌሎች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ከመቀመጡ በፊት ልዩነቱ ከቁጥሩ ሥር ይጻፍ።