26 ምሳ ዕቃ፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው የማስተምረው። ክፍሌ ነርሰሪ ነው። 26 ልጆች አሉኝ። መስከረም ላይ አብዛኞቹ ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ነበሩ። ዘንድሮ ለራሴ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቼ በራሳቸው እጅ እንዲበሉ፣ እንዲታጠቡ፣ እንዲለብሱ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የሆነውን ደብተሬ ላይ ስጽፍ ቆየሁ። ነርሰሪ ለምታስተምሩ ጓደኞቼ ይጠቅማል ያልኩትን ከዚያ ላይ አወጣሁላችሁ።

መስከረም

የሰፈራችንን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ወላጆች ሥራቸው መሀል ከተማ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ለመያዝ ይሰለፋሉ። ምሳ ዕቃው የሚዘጋጀው ገና ሳይነጋ ነው። ልጁ እንቅልፉን ሳይጨርስ ያለብሱታል፣ ያጎርሱታል፣ ጫማውን ያደርጉለታል። በዚያ ጥድፊያ ልጅ ቁልፉን እስኪቆልፍ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። አልፈርድባቸውም። እኔም የራሴን ልጅ እንደዚያው ነው ያሳደግኳት።

በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ጠበቁን። ያለነው እኔና ሞግዚታችን ብቻ ነን። ሞግዚታችን በዕድሜ ትልቅ ስለሆኑ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ ስድስት ልጅ ከበው አስቀምጠው በየተራ ያጎርሳሉ። በ30 ደቂቃ ሁሉም ምሳ ዕቃ ባዶ ይሆናል። ማታ ወላጅ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሚስ፣ ምሳው አለቀ?» ነው። አልቋል እላለሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል።

እኔም ለዓመታት ሥራዬን በዚያ ባዶ ምሳ ዕቃ ስለካ ኖሬያለሁ።

ማጉረሳችንን ከማቆማችን በፊት ሦስት ቀን ዝም ብዬ አየሁ። ማን ምን ይችላል? ምሳ ዕቃውን በራሱ የሚከፍት 7 ልጅ ብቻ ነበር። ማንኪያውን ሳያፈስ አፉ ድረስ የሚያደርስ 11። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ ጠቅልሎ የሚጎርስ 4። የመጀመሪያው ቁጥር በጣም ነው ያስደነገጠኝ። «አይበላም» ከምንላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ክዳኑ አልከፈት ብሏቸው ነበር የተቀመጡት። አራት ቦታ ጠቅ የሚል፣ ውስጡ ጎማ ያለው ክዳን እኔንም ያታግለኛል።

ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ለሁሉም ወላጅ አንድ መልእክት ጻፍኩ፦ ምሳ ዕቃና ኮዳ ስትገዙ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ ራሱ ሦስት ጊዜ ይክፈተው፣ ይዝጋው። የተገዛውን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ቤት ውስጥ ባዶውን ይለማመድበት። ዓመቱን ሙሉ ከሠራሁት ሁሉ በትንሽ ድካም ትልቅ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው።

ጥቅምት

ማጉረስ ያቆምነው በአንድ ቀን አይደለም። በሳምንት አንድ ጠረጴዛ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ ራሱን ሲችል የሌሎቹን እትዬ ያጎርሳሉ። የሚገርመው ሦስተኛው ጠረጴዛ ተራው ሳይደርስ «እኛስ መቼ ነው በራሳችን?» ማለት ጀመረ። ልጅ ልጅን አይቶ ነው የሚማረው። መንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምር ጓደኛዬም ይህንኑ ትለኛለች። እዚያ በምገባው ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ አብሮ ስለሚበላ፣ ያልቻለው የቻለውን እያየ ይከተላል።

ምሳ ከ30 ደቂቃ ወደ 50 ደቂቃ ተጎተተ። ወለሉ በሩዝና በፓስታ ተሞላ። ከአለቃችን 20 ደቂቃ ተጨማሪ ለመንኩ። መጀመሪያ እምቢ ተባልኩ፤ በኋላ ከቀለም መቀባት ሰዓት ተቀንሶ ተሰጠኝ። ማንኪያ መያዝም እርሳስ መያዝም የሚፈልገው እነዚያኑ ትንንሽ ጣቶች ነው ብዬ ተከራከርኩ። አሁንም እንደዚያው አምናለሁ።

ስለ እንጀራ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ስለ ማንኪያ አያያዝ ብዙ ይባላል፤ ስለ እንጀራ አቆራረስ ሲወራ አልሰማሁም። ለእኛ አንድ ነገር ነው የሚመስለን። ለትንሽ ልጅ ግን አራት ሥራ ነው፦ በጣት መያዝ፣ መቁረስ፣ ወጡን መጠቅለል፣ ሳያፈሱ አፍ ማድረስ። ስለዚህ ከፋፈልኩት። መጀመሪያ ወላጆች ወፈር ያለ ወጥ ውስጡ አድርገው እንጀራውን እንዲጠቀልሉና በአውራ ጣት ቁመት እንዲቆርጡት ጠየቅሁ። ልጁ ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቀጥሎ በሁለት እጅ መቁረስ ፈቀድኩ፤ አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ይቆርሳል። እትዬ ይሄ ቅር ብሏቸው ነበር። «ልጅ በሁለት እጅ ሲቆርስ ነውር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ድልድይ ነው፤ ተሻግረን እንተወዋለን አልኳቸው። አብዛኞቹ ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ተዉት። ፍርፍር ግን በጣት አልሆነልንም። በማንኪያ ይበላ ብዬ ተውኩት።

ለጣታቸው ጥንካሬ ጠዋት ጠዋት አሮጌ ጋዜጣ እንቀዳድዳለን። ሊጥ እናቦካለን። በልብስ መቆንጠጫ ወረቀት እንሰቅላለን። ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክረን ሌላ ሳህን ላይ እንጨምቃለን። አንድ ጊዜ ባቄላ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲያዛውሩ አንዱ ልጅ አፍንጫው ውስጥ ከተተው። ደግነቱ ሲያስነጥስ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባቄላ ፋንታ የሃይላንድ ክዳን ነው የምንጠቀመው። በዚሁ አጋጣሚ፦ ቆሎና ኦቾሎኒ ለዚህ ዕድሜ ያንቃል። ቆሎ የኛ መክሰስ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የወይን ፍሬም ቢላክ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ልጅ ሲበላ ይቀመጥ፤ እየሮጠ፣ እየሳቀ አይብላ።

ኅዳር

ኅዳር ላይ ተሳሳትኩ። ምሳውን ለጨረሰ እጁ ላይ በእስክሪቢቶ ኮከብ መሳል ጀመርኩ። ደስ አላቸው፤ እኔንም ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ባለ ቀይ ቦርሳዋ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ቆሻሻ መጣያው ጋ ቆማ አየኋት። ድንችና ካሮቷን ገልብጣ፣ ባዶውን ይዛልኝ መጣች። «ሚስ፣ ጨረስኩ» አለችኝ። እጇን ዘረጋች።

አልተቆጣኋትም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔ ባዶ ምሳ ዕቃ ስጠይቅ እሷ ባዶ ምሳ ዕቃ አመጣች። ማታ ደብተሬ ላይ ብዙ ጻፍኩ።

ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የምግብ ባለሙያ አለች። የእሷ አካሄድ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ነው። መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ሐሳቡን ቀድሞም አውቀው ነበር። ግን እጄ አይታዘዘኝም ነበር፤ ልጅ ማስተረፍ ሲጀምር ማንኪያውን እነጥቅ ነበር። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ኮከቡን ተውኩ። የተረፈውን ሳልደፋ እዚያው ምሳ ዕቃ ውስጥ ለወላጅ መመለስ ጀመርኩ። «ትንሽ አድርጋችሁ ላኩ፤ ካልበቃው ይነግረኛል» አልኳቸው።

ቀላል አልነበረም። «ልጄ ሳይበላ ነው የመጣው» የሚል ጽሑፍ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ አነበብኩ። አንዲት አያት ራሳቸው መጡ። «ልጄ፣ ማጉረስ እኮ ፍቅር ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ምን እላለሁ? እኔም እናቴ እያጎረሰችኝ ነው ያደግሁት። «እማማ፣ ጉርሻ አልከለከልኩም፤ መጀመሪያ በራሱ ይብላ፣ መጨረሻ ላይ እርስዎ አንድ ያጉርሱት» አልኳቸው። «አንድማ ያጣላል» ብለው ሳቁ። በሁለት ተስማማን።

ክፍል ውስጥም ይህንን ወሰድነው። ምሳ ሊያልቅ ሲል የጉርሻ ሰዓት አለን። እጃቸውን የታጠቡ ልጆች እርስ በርስ ይጎራረሳሉ፤ የሚያጎርሰው ግን ልጁ ነው። ትንሽ ጉርሻ፣ የሌላውን ፊት እያዩ፣ አፉን እስኪከፍት እየጠበቁ። ለማጉረስ ብሎ ነው አንዳንዱ መቁረስ የተማረው። ባለ ቀይ ቦርሳዋ መጀመሪያ ያጎረሰችው እትዬን ነው። ግማሹ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። እትዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሁለት እጅ አላነሱብኝም።

ወደሚቀጥለው ከማለፌ በፊት አንድ ጥንቃቄ፦ «ልጁ ይወስን» ማለት ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ክብደቱ የሚቀንስ፣ ሲውጥ የሚያስለው፣ ወይም ለስላሳ ነገር ካልሆነ ጨርሶ የማይበላ ልጅ ካለ ወላጁ ጤና ጣቢያ እንዲያሳየው ንገሩ። ከኔ ልጆች አንዱን እንደዚያ ልከናል።

ታኅሣሥና ጥር

ውኃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀመጥን፤ ቁመቱ ለልጅ የሚመች ሆነ። የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ራሳቸው ናቸው። እጃቸውን በሳሙና እያሹ ቀስ ብለው እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። መጀመሪያ አሥራ አራትን ሁሉም ይዘሏት ነበር፤ አሁን አይዘሏትም።

ብርዱ ሲገባ የሁሉም አፍንጫ መፍሰስ ጀመረ። እዚህ ላይ ማሪያ ሞንቴሶሪ ትዝ አለችኝ። ሐኪም ነበረች። በፈረንጆች 1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። አንድ ቀን ለልጆቹ አፍንጫ እንዴት እንደሚናፈጥ ቀስ ብላ አሳየቻቸው። ሲያልቅ ልጆቹ አጨበጨቡላት። ሰው ሁሉ «አፍንጫህን ጥረግ» ብሎ ይቆጣቸዋል እንጂ እንዴት እንደሆነ ያሳያቸው አልነበረም። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። እኔም ግድግዳው ላይ በልጅ ቁመት መስታወት ሰቀልኩ፤ ከሥሩ ሶፍትና ቆሻሻ መጣያ አስቀመጥኩ። ሶፍቱን ማጠፍ፣ አንዱን ቀዳዳ ይዞ በሌላው መናፈጥ፣ መጥረግ፣ መስታወት ማየት፣ መጣል፣ እጅ መታጠብ። ሳልናገር፣ ቀስ ብዬ አሳየኋቸው። የኔዎቹ አላጨበጨቡም። ግን በሁለት ሳምንት «ሚስ፣ ንፍጤ» የሚለኝ ጠፋ ማለት ይቻላል።

ሹራብ ላይ ሁለት ነገር ሠርቶልኛል። አንደኛው፣ ፊቱ ክፍት የሆነውን ሹራብ ወለል ላይ ዘርግቶ ኮሌታውን ወደ ልጁ እግር ማዞር ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ በጭንቅላቱ ላይ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ለዚፕ ነው፦ ከመጨረሻው መጀመር። ከታች እኔ አገጣጥሜ እስከ ደረቱ አወጣዋለሁ፤ የመጨረሻዋን እሱ ይስባል። ሲለምድ ከሆዱ ጀምሮ ይስባል። በመጨረሻ ማገጣጠሙንም ራሱ ይሞክራል። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ የሚያቆመው ሲሳካለት ነው። ጥብቅ ጂንስና ቀበቶ ግን እባካችሁ ለነርሰሪ ይቅር። ልጁ ሽንት ቤት ደርሶ ቀበቶው አልፈታ ሲለው ማየት ያሳዝናል። ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ይበቃል።

ሁዳዴ

ስለ ሁዳዴ ብዙ አልጽፍም። ልጆቹ ባይጾሙም ቤቱ ስለሚጾም 55ቱን ቀን ምሳ ዕቃው ሽሮ፣ ምስርና ድንች ሆነ። ወፍራም ሽሮ በእንጀራ ለመጠቅለል ከሁሉም ይመቻል። ብዙ ልጆች በአንድ እጅ መቁረስ የቻሉት በእነዚህ ሳምንታት ነው። ጎመን ያልነካ ልጅ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሳይገደድ ሲያየው ሊቀምሰው እንደሚችልም እዚሁ አየሁ።

ግንቦት

ትናንት እንደገና ቆጠርኩ። ምሳ ዕቃውን የሚከፍት 24። በማንኪያ ሳያፈስ የሚበላ 25። እንጀራ በአንድ እጅ ቆርሶ የሚጎርስ 17። ዚፕ ከታች ጀምሮ የሚዘጋ 12። ቁልፍ የሚቆልፍ 9። ምሳ አሁን 35 ደቂቃ ይወስዳል፤ ወለሉን የሚጠርጉት ተረኞች ናቸው፣ ትንንሽ መጥረጊያ አላቸው። የተረፈ ምግብ አልቆጠርኩም።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ሁለት ልጆቼ ግራኝ ናቸው። እርሳስም ማንኪያም በግራ ይይዛሉ፤ እኔም እተዋቸዋለሁ። እንጀራ ላይ ስንደርስ ግን ቤት «በቀኝህ!» ይባላሉ። በቀኝ ሲቆርሱ ጣታቸው አይታዘዝም፤ አንደኛው ጭራሽ እንጀራ መብላት ትቷል። እናቱን አነጋግሬያለሁ። «ሰው ፊት በግራው ሲበላ እንዳይሰደብብኝ» አለችኝ። ስጋቷ ይገባኛል። ለጊዜው እኔ ክፍል ውስጥ በፈለገው እጅ፣ ቤት ደግሞ የተጠቀለለ እንጀራ በቀኝ እያልን ነው። ልጁ ግን ግራ ሲጋባ አየዋለሁ። ግራኝ ልጅ እንጀራ አቆራረስ ያስተማራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ እሑድ ከእናቱ ጋር ቀጠሮ አለኝ።