አንድ መስመር ያስከፈለችኝ ሁለት ኤምአርአይ

ወገቤን የጀመረኝ በ27 ዓመቴ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነቃኛል። ጠዋት ካልሲ ለማድረግ አልጋው ጠርዝ ላይ እታገላለሁ። ወዲያ ወዲህ ስል ግን ይለቀኛል። እሁድ ተኝቼ ከዋልኩ ደግሞ ይብስብኛል። ሰፈሩ "ኩላሊት ነው"፣ "ብርድ መቶህ ነው" አለኝ። ወጌሻ ጋም ሄጃለሁ፣ አልደብቅም።

ሽንትና ደም ተመረመርኩ። ራጅ ተነሳሁ። "ደህና ነህ" ተባልኩና ደስ አለኝ። ሞኝ! የእኔው፣ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የሚሉት አከርካሪንና የዳሌ መጋጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ ራጅ ላይ እስኪታይ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ንዴቴ እስከ ዛሬ ያልበረደው እዚህ ላይ ነው። ትዕዛዙ ላይ የተጻፈው "የወገብ አከርካሪ" ነበር። እኔም ሳላነበው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ብር ተበድሬ ከፈልኩ፣ ያ ሁሉ ኳኳታ ውስጥ ተጋደምኩ። ውጤቱ "መለስተኛ የዲስክ ማበጥ" አለ። ሐኪሙ ፊልሙን ከፖስታው እንኳ አላወጣውም። ሪፖርቱን አየት አድርጎ "ዲስክ ነው፣ እረፍ" አለኝ። አረፍኩ። ስምንት ወር! እረፍት የሚያብስበትን ሰው እረፍ ብለውት። ያበጠ ዲስክ እኮ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም በብዛት ይታያል። ይህን የነገረኝ አልነበረም።

በመጨረሻ የሩማቲዝም ስፔሻሊስት ጋ ደረስኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስትንቀሳቀስ ነው ስታርፍ የሚሻልህ?" ብሎ ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየውና "ቦታው አይደለም" አለ። ከመቀመጫዬ ከፍ ብሎ በአውራ ጣቱ ሲጫነኝ ዘለልኩ። ዳሌና አከርካሪ የሚጋጠሙበት፣ ሳክሮኢሊያክ የሚባለው ቦታ ነው። ትዕዛዙን እንደ አዲስ ጻፈና "ስቲር" የምትለዋን ቃል ሁለቴ አሰመረባት። ስቲር የስቡን ብርሃን አጥፍቶ ውሃውን የሚያበራ የአነሳስ ዓይነት ነው። የተቆጣ አጥንት ውስጥ ውሃ ስላለ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ካሸር ላይ ያለችው ልጅ "ወገብ ተነስተሃል እኮ" ብላ ተከራከረችኝ። ባለሙያው ደግሞ ቀለም በመርፌ ልስጥህ አለ፣ በተጨማሪ ክፍያ። ሐኪሜ አያስፈልግም ብሎኝ ስለነበር እምቢ አልኩ። በዚህች እምቢታዬ እስካሁን እኮራለሁ።

ምስሉ ላይ ሁለቱም ጎን ወተት መስሎ ነጥቷል። ሐኪሙ ግን አልቸኮለም። "ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?" አለኝ። ለካ ከጥሬ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታና ቲቢም እዚያው ቦታ ላይ ይህን ሊመስሉ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የአውሮፓ የሩማቲዝም ማኅበር መመሪያ በጥቅሉ ከራጅ ጀምሩ ይላል፣ ለወጣትና ሕመሙ ከጀመረው ብዙ ላልቆየ ሰው ኤምአርአይን ቢፈቅድም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዕድሜያችሁ ከ45 በታች ሆኖ ጠዋት ጠዋት ወገባችሁ ከሦስት ወር በላይ ከደረቀ፣ የራጁን ብር ለኤምአርአዩ አጠራቅሙ። ትዕዛዙንም ከመክፈላችሁ በፊት ቆማችሁ አንብቡት። "የወገብ" ብቻ ካለ ተመልሳችሁ ሐኪሙን በር ላይ ያዙት። ቢገላምጣችሁም ይገላምጣችሁ።

አሁን በኪኒንና በእንቅስቃሴ ደህና ነኝ። በየዓመቱ ኤምአርአይ ልነሳ ብዬ ጨቅጭቄው ነበር። "እኔ የማክመው ጠዋትህን ነው" ብሎ መለሰኝ። ራጅም ቢሆን ከሁለት ዓመት በፊት አይደገምም አለኝ። ያኔ የሚነጻጸርበትን ሲዲ እናቴ ቁምሳጥኗ ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ቆልፋበታለች።