አንድ ከመቶ

መኪናዬን የገጨው ሰውዬ ኢንሹራንስ ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። ግማሽ ገጽ ናት። በአጭሩ አንከፍልህም ነው የምትለው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀኜን ይዤ ስነዳ ከነዳጅ ማደያ የወጣ መኪና የጋቢናውን በር ገጨው። በሩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ከእጀታው ሥር የሱ ነጭ ቀለም ተለጥፎበታል። ከማደያ የሚወጣ ቅድሚያ መስጠት እንዳለበት የማያውቅ ሹፌር የለም። ፖሊስ መጣ፣ የተጎዳ ሰው እንደሌለ አየ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት አለዋውጦን ሄደ። አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሜ ስነግረው «እንዴ! ትራፊክ ፕላን ሳያነሳ መኪናውን አነቃነቃችሁት?» ብሎ ጮኸብኝ። እዚያ ሜትር ተዘርግቶ፣ አስፋልቱ ላይ ምልክት ተደርጎ እስኪያልቅ መንገዱ ቢዘጋም አብዛኛው ሰው ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ግን ሁሉም ነገር በስልክ ነው ያለቀው። የሰውዬው ኢንሹራንስ አጀስተር፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ የምትመረምረው ሠራተኛ፣ ደወለች። ትሕትናዋ ለጉድ ነው! ንግግራችን እንደሚቀዳ ነገረችኝና «መኪናውን መጀመሪያ መቼ አዩት?» አለችኝ። «ከማደያው ብቅ ሲል» አልኳት። እውነቱም ይኸው ነው። ደብዳቤው ላይ ይህችው መልስ ተገልብጣ መጣች፦ ካዩት ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ነበረዎት፣ ስለዚህ እርስዎም ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ድርሻዬ ስንት እንደሆነ አልጻፈችም። አያስፈልጋትማ! ሜሪላንድ ውስጥ ዘጠና ዘጠኙ እጅ የሌላው ጥፋት ቢሆን እንኳ አንዷ ያንተ ከሆነች ካሳ የለህም። ይህን ደንብ ፍርድ ቤት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው፤ መኪና በሌለበት ዘመን። እ.ኤ.አ. በ2013 ይቀየር ተብሎ ሲጠየቅም የግዛቲቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት «የሕግ አውጪው ሥራ ነው» ብሎ ተወው። ቨርጂኒያም ያው ናት። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አላላችው፣ ለባለመኪና ግን አልነካችውም። ፔንሲልቬንያ ቢሆን ኖሮ ጥፋቴ ከግማሽ እስካልበለጠ ድረስ ድርሻዬ ተቀንሶ ይከፈለኝ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኛው ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ትዝ አለኝ። ሁለት መኪና ሲጋጭ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጠርና ኪሳራውን ለሁለት ይካፈላሉ፤ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሹፌር ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር። ድሮ ይህ ነገር ሕግ ሳይሆን የሰፈር ሽምግልና ይመስለኝ ነበር። ንጹሑን ግማሽ ማስከፈል ምን የሚሉት ፍርድ ነው እል ነበር። አሁንማ ግማሹን ባገኘሁ!

ለራሴ ኢንሹራንስ ደውያለሁ። ኮሊዥን (የራሴን መኪና የግጭት ጉዳት የሚሸፍን ዋስትና) ስላለኝ በሩን ያሠሩልኛል፣ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ራሴ የምችለው 500 ዶላር፣ ግን ከኪሴ ነው። ከዚያ ከሰውዬው ኢንሹራንስ ጋር እነሱ ይሟገታሉ። ካስመለሱ የኔም ትመለሳለች። የቀለሙን ፎቶ ጭምር ልኬላቸዋለሁ። ወኪሌ እንዳለኝ ከሆነ፣ ለሌላው ሰው ኢንሹራንስ እየተቀዳሁ ቃል የመስጠት ግዴታም የለብኝም። ሴትዮዋ ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልኝ» ብላ ቁጥሯን አስቀምጣለች።