ትንንሾቹን የእንፋሎት ባቡሮች እንዴት እንደምቀርጽ

የእንፋሎት ባቡር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መንገደኛ የሞላበት ፉርጎ እየጎተተ የሚከንፈው ነው። እኔን የያዘኝ ሌላው ዘር ነው። በከሰል ማዕድን፣ በብረት ፋብሪካ፣ በወደብ ግቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለፉ የኖሩት አጫጭሮቹ። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉትን ጠብቀው የያዙ ሙዚየሞች ሞልተዋል። በብዛት የማገኛት ሀንስሌት ኦስተሪቲ የምትባለዋን ናት። እ.ኤ.አ. በ1943 ለጦርነቱ ሥራ ብለው ነደፏት፤ እስከ 1964 ድረስ 485 ያህል ተሠርተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላም ብዙዎቹ ከሰል ማዕድን ገቡ። ስድስት ጎማ፣ ውሃ የሚፈላበት ቦይለሯ ላይ እንደ ኮርቻ የተጫነ የውሃ ታንከር፣ በቃ። ቁንጅና የምትፈልጉባት አይደለችም።

ዋናው ጣጣ ዝግታዋ ነው። የስፖርት ፎቶ እንደምናነሳው ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ ላይ አድርጌ ባነሳት ቆማ ነው የምትመስለው፤ ጭሷ ባይኖር ማንም ስትሄድ ነው ብሎ አያምነኝም። ስለዚህ ወደ 1/30፣ አንዳንዴም ወደ 1/15 እወርዳለሁ። እግሬን ተክዬ ከወገቤ እየዞርኩ ባቡሯን በካሜራው እከተላታለሁ። አካሏ ጥርት ይላል፣ ጎማውና ጎማዎቹን የሚያያይዘው የብረት ዘንግ ይደበዝዛል፣ ከኋላዋ ያለው አጥር መስመር ይሆናል። አብዛኛው ፎቶ ይበላሻል፤ ያው ይጠፋል፣ ምን ችግር አለው። ዘንጉ ወደ ታች በወረደበት ቅጽበት የተነሳው ግን ሁሌም ከሌላው ይበልጣል፣ ጎማዎቹ ሙሉ በሙሉ ይታያሉና።

ዳገት ካለ ደግሞ ዳገቱ ጋ ነው የምገኘው። ስታፎርድሺር ውስጥ ፎክስፊልድ የሚባል የድሮ የማዕድን ሐዲድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 የተሠራ። አቀበቱ 1 ለ19 ነው፤ 19 ሜትር በሄድክ ቁጥር አንድ ሜትር ትወጣለህ ማለት ነው። ለባቡር ይሄ ጉድ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ረጅም ሌንስ ይዤ፣ ዝቅ ብዬ፣ ከፊት ለፊት ነው የማነሳው። ረጅም ሌንስ ርቀቱን ስለሚያጥፈው ዳገቱ ፊት ለፊት ተደቅኖ ይታያል። ፍሬሙ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር፣ ምሰሶም ይሁን የቤት ግድግዳ፣ ማስገባት አለብኝ። ካሜራውን ከሐዲዱ ጋር ላስተካክል ብዬ ካጋደልኩት ዳገቱ ሜዳ ሆኖ ያርፈዋል።

ብርሃኑ ላይ ባቡሯ ጥቁር፣ እንፋሎቱ ነጭ። ካሜራው በራሱ ከወሰነ ጥቁሩን አይቶ ፎቶውን ያበራዋል፤ እንፋሎቱም ነጭ ሆኖ ይጠፋል። እኔ ሁሉንም በእጅ አስተካክላለሁ። ፀሐይ የመታውን እንፋሎት አያለሁ፣ እሱ ዝርዝሩን እስኪይዝ ድረስ አጨልማለሁ፣ ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በሚይዘው በራው ፋይል አነሳለሁ። ጥቁሩን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ይቻላል። አንዴ የነጣ እንፋሎት ግን አይመለስም።

ስለ እንፋሎት ካነሳሁ አይቀር፣ እንፋሎት ራሱ አይታይም። የምናየው ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነውን ነው። የደህንነት ቫልቩ ሲከፈት ልብ ብላችሁ ብታዩ ከአፉ እስከ ነጩ ደመና ድረስ ትንሽ ባዶ ቦታ አለ። ለዚህ ነው ብርድ ቀን የምመርጠው፤ በሞቃት ቀን ግማሹ ትዕይንት አየር ላይ ይቀራል። ፀሐይዋ ከእንፋሎቱ ጀርባ ስትሆን ደግሞ ከውስጡ ይበራል። የነፋሱን አቅጣጫ ሳላይ ቦታ አልይዝም። ባቡሯ ስትነሳ ነጂው በሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ፒስተኑን እንዳይጎዳው ከሥር ያሉትን ትንንሽ ቧንቧዎች ይከፍታል። እንፋሎቱ ከግራና ከቀኝ ፉጭ እያለ ይወጣና ጎማውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ነፋሱ ወደ እኔ ከሆነ አለቀ፣ ነጭ አንሶላ ነው የማነሳው።

ከሁሉም የምወደው ጠዋቱን ነው። ቀዝቃዛ ቦይለር በአንዴ ከጋለ ብረቱ ስለሚጎዳ እሳቱ ጎብኚ ከመምጣቱ ሰዓታት ቀድሞ ነው የሚነሳው። አስቀድሜ አስፈቅጄ፣ ቢጫ ሰደርያዬን ለብሼ ባቡሮቹ የሚያድሩበት ጋራዥ እገባለሁ። እዚያ ሥራው አለ። ዘይት በማንቆርቆሪያ የሚያጠጣው ሰውዬ፣ አመድ የሚዝቀው፣ ናሱን በአሮጌ ጨርቅ የሚወለውለው። አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ባቡሯ በቆመች ቁጥር የዘንጉን መጋጠሚያ በእጁ ጀርባ ዳሰስ ያደርጋል፣ ግሎ እንደሆነ ለማወቅ። ያቺን እጅ በቅርብ ቀርጫታለሁ፤ ከአንድ ሙሉ ባቡር የበለጠ ትናገራለች። ጋራዡ ውስጥ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገቡ ሌንሱ ያልበዋል፤ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ጥቂት አቆዩት። መብራቱ ደግሞ ቪዲዮ ላይ ይርገበገባል፤ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 ይዤ ነው የምገላገለው።

ለቪዲዮ ግማሹ ሥራ ድምፅ ነው። ሁለት ሲሊንደር ያላት ባቡር ጎማዋ አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ትተነፍሳለች። ዳገት ላይ አራቱም ለየብቻ ይቆጠራሉ። የካሜራው ማይክ ይህን አይችለውም፤ ፉጨቱ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለብቻው መቅጃ፣ የንፋስ መከላከያ ፀጉር ለብሶ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጌ አጥሩ ጋ አስቀምጣለሁ። ባቡሯ ከፍሬም ከወጣች በኋላም ካሜራውን አልዘጋም። እየራቀ የሚሄደውን ድምፅ ነው ኤዲት ስታደርጉ የምትፈልጉት። ሙዚቃ የሚጨምሩ ሰዎች አይገቡኝም።

የማትንቀሳቀስ ባቡር ካጋጠመኝ አላልፋትም። እሳት የሌላት ዓይነት አለች፤ ከፋብሪካው ቦይለር እንፋሎት ትሞላና በሱ ትሠራለች፣ ብልጭታ አደጋ በሚሆንበት ግቢ የምትጠቅም። ሙዚየም ውስጥ በአጥርና በማስታወቂያ ተከባ ነው የምትቆመው፤ ሙሉዋን ከማንሳት ቁርጥራጯን ማንሳት ይሻላል። የቀለሙን ነጸብራቅ ፖላራይዘር የሚባለው የሌንስ ማጣሪያ ያጠፋዋል። ከሁሉ በፊት ግን የአምራቹን ሰሌዳ አነሳለሁ። ስምና ቀለም ይቀያየራል፤ የፋብሪካ ቁጥሩ ነው ማንነቷን የሚነግረኝ።

በካሜራው እያየሁ ወደ ኋላ አልራመድም፤ ሐዲድ ያደናቅፋል። ስጨርስ ፎቶዎቹን ለበጎ ፈቃደኞቹ እልክላቸዋለሁ፣ በሌላ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ በሩ የሚከፈትልኝም በዚህ ነው።